እንቁላልና ስኳር በሽታ፦ ከጅማ ሰፈሮች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስኳር ካለባቸው ሰዎች ጋር ስለ ምግብ ሲወራ እንቁላል ሳይነሳ አይቀርም። አንዱ “ተከልክያለሁ” ይላል። ሌላው “ስኳር የለውም፣ እንዳሻኝ እበላለሁ” ይላል። በሥነ ምግብ ሙያዬ ከጅማ ሰዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ። ጠያቂዎቹ በብዛት ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው ናቸው።

ጎረቤቶቼ እንቁላል ስኳርሽን ያወጣዋል፣ እንዳትነኪ አሉኝ። እውነት ነው? (እናት፣ ከሂርማታ)

እናቴ፣ እንቁላሉ ራሱ ስኳርዎን ይህን ያህል አያወጣውም። በአንድ ትልቅ እንቁላል ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት ግማሽ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ፕሮቲኑ ግን 6 ግራም ይደርሳል፤ ስለዚህ ያጠግባል። ጣጣው ያለው አብሮት በሚቀርበው ላይ ነው። እንቁላሉን በትልቅ ዳቦ በልተው፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ከጠጡበት፣ ስኳሩን ያወጣው ዳቦውና ሻዩ ነው። ወቀሳው ግን ለእንቁላሉ ይተርፋል።

መለኪያ ካለዎት ራስዎ ይዩት። አንድ ቀን እንቁላሉን በዳቦና በስኳር ሻይ ይብሉ። ሌላ ቀን በጎመንና በትንሽ እንጀራ፣ ሻዩን ያለ ስኳር። ሁለቱንም ቀን ከመብላትዎ በፊትና መብላት ከጀመሩ ከ2 ሰዓት በኋላ ይለኩ። ለአብዛኛው ሰው ሁለተኛው ልኬት ከ180 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ቢሆን ጥሩ ነው።

በቀን ስንት ልብላ? አስኳሉንስ ልጣለው? (አባት፣ ከጊንጆ)

አባባ፣ ይህ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። አስኳሉን የሚያስጥለው ኮሌስትሮል የተባለው ቅባት መሰል ነገር ነው፤ እሱም በሙሉ ያለው አስኳሉ ውስጥ ነው፤ በአንድ ትልቅ እንቁላል 185 ሚሊግራም ገደማ። የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ ድሮ በቀን ከ300 ሚሊግራም እንዳይታለፍ ይመክር ነበር። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ያ ቁጥር ቀርቷል። ደማችን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ጉበታችን ነው። መጥፎውን (የደም ሥር የሚያጠበውን) ኮሌስትሮል ይበልጥ የሚጨምሩትም ቅቤና የሚረጋ ዘይት ናቸው።

የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸውን ወይም ስኳር ሊይዛቸው የተቃረቡ 140 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ነበር። አንዱ ቡድን በሳምንት 12 እንቁላል በላ፣ ሌላው ከ2 ያነሰ። ከ3 ወር በኋላ በመጥፎው ኮሌስትሮል ልዩነት አልታየም። ደስ የሚል ውጤት ነው፤ ግን 3 ወር አጭር ጊዜ ነው፣ ሰዎቹም ጤናማ ቅባት እንዲመገቡ ተመክረው ነበር። ሰዎችን ለዓመታት ከተከታተሉ ጥናቶች አንዳንዶቹ፣ ስኳር ኖሮባቸው እንቁላል በሚያበዙ ሰዎች ላይ የልብ ሕመም በርከት ብሎ አግኝተዋል። ሌሎቹ አላገኙም።

ስለዚህ እኔ የምመክረው በቀን አንድ ሙሉ እንቁላል ነው። የልብ ሕመም ወይም ከፍ ያለ ኮሌስትሮል ካለብዎት ከዚያም ይቀንሱ፤ መጠኑን ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ። አስኳሉን ግን አይጣሉት። ቫይታሚን ዲ ያለው እዚያ ነው፣ ቢ12ም በብዛት እዚያው ነው። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የወሰደ ሰው ደግሞ ቢ12 ሊያንሰው ይችላል።

ቁርሴን ምግብ ቤት ነው የምበላው። እንቁላል ፍርፍር ይጎዳኛል? (ወጣት፣ ከመንደራ)

ወንድሜ፣ ስታዝ “ቅቤ አይግባበት፣ ዘይቱም ይቀነስ” በል። ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይብዛበት። ዳቦውን ግማሹን ተወው። ከቻልክ ግን ቤት ቀቅለህ ከአቮካዶ ጋር ብላ፤ አቮካዶ እንደሆነ ጅማ ውስጥ ሞልቷል። ስኳር የተጨመረበት የአቮካዶ ጁስ ግን ለአንተ አይሆንም።

በረመዳን ሱሁር ላይ እንቁላል ብበላ ቀኑን ይይዘኛል? (እናት፣ ከጅሬን)

ከነጭ ዳቦ የተሻለ ይይዝዎታል። ከባቄላ ፉል ጋር ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ግን ጾሙ ሳይገባ ሐኪምዎን ያማክሩ፤ መጠኑና ሰዓቱ መስተካከል አለበት።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ካንቀጠቀጠዎት፣ ካላበዎት፣ ስኳሩም ከ70 በታች ከወረደ ጾሙን ይፍቱ። ያኔ እንቁላል አይደርስልዎትም። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ካልወጣ ይድገሙት።

በጾም እንቁላል አልበላም። በምን ልተካው? (እህት፣ ከቦሳ ቂጦ)

በምስር፣ በሽምብራና በሽሮ። እነዚህ ካርቦሃይድሬትም ስላላቸው ወጡን ጨምረሽ እንጀራውን ቀንሺ።

የሀበሻ እንቁላል ይሻላል ወይስ የፈረንጅ?

ለስኳር ልዩነት የላቸውም። የአስኳሉ ቀለም ከዶሮዋ መኖ የሚመጣ ነው። የሀበሻው መጠኑ ትንሽ ነው፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ጥሬ እንቁላል በማር መትቼ ጠዋት ጠዋት እጠጣለሁ። ጉልበት ይሰጣል ብለውኝ ነው።

እባክዎ ይተዉት። ማሩ ስኳርዎን ያወጣዋል። ጥሬው እንቁላል ደግሞ ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ስኳሩን መቆጣጠር በጣም ይከብደዋል። አስኳሉ እስኪጠነክር ይቀቅሉት።

ኩላሊትህ ተነክቷል ተብያለሁ። እንቁላል ይቻላል?

ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ግን የፕሮቲኑን መጠን ሐኪምዎ ይወስን። ኩላሊቱ የተዳከመ ሰው ፕሮቲን እንዳያበዛ ይመከራል፤ እጥበት የጀመረው ደግሞ በተቃራኒው ጨምር ይባላል። ለቀጠሮ ሲሄዱ በሳምንት ስንት እንቁላል፣ ምን ያህል ሥጋና ወተት እንደሚወስዱ ጽፈው ይያዙ።