ክሮቼስ?

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ደወለችልኝ። ቁጥሬን ከማን እንዳገኘች አልጠየቅኳትም። አዳማ ውስጥ ደብል ቤዝ፣ ያን ቆመው የሚጫወቱትን የቫዮሊን ትልቅ ወንድም፣ የሚጫወት ሽማግሌ ፍለጋ የወጣ ሰው እኔ ጋ ለመድረስ ብዙ አይደክምም።

«ጋሼ፣ እህቴ ከውጭ ልትመጣ ነው። ክር አምጪልኝ ብያታለሁ። በጣት ለሚመታው ጃዝም፣ እንደ ማሲንቆ በደጋን ለሚጫወተውም፣ ለሁሉም የሚሆን ምርጡ ክር የቱ ነው?» አለችኝ።

እንደምንም አጭር መልስ ሰጠኋት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከተቀመጥኩበት መነሳት አቃተኝ። «ምርጡ ክር» የምትለዋ ነገር እኔንም አንድ ጊዜ አቅሌን አስታኝ ነበር። እንደሷ ለምትጠይቁ ልጆች ይሄን የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር። ከተማችን ያኔ ናዝሬት ነበር የምትባለው፤ ዛሬም አፌን ያመልጠኛል። ቅዳሜና እሁድ ሶደሬ እየወረድን እንጫወታለን። ቤዝ ጊታሬ ተቃጥሎ ሥራ ልፈታ ስል፣ ሰፈራችን የሚኖሩ አንድ ትልቅ ሰው ኮንትራባሳቸውን አዋሱኝ። እሳቸው ደብል ቤዝ አይሉም፣ ኮንትራባስ ነው የሚሉት። አዲስ አበባ ኦርኬስትራ ውስጥ ሲጫወቱ ኖረው በጡረታ የመጡ ናቸው። ማታ ማታ እንደ ሕፃን በጋቢ ነበር የሚጠቀልሉት። ባለቤታቸው «እኔንስ መቼ እንዲህ ሸፍነኸኝ ታውቃለህ?» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። ሲያስረክቡኝ «አደራ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ክሮቹ የአንጀት ነበሩ፤ በገና ላይ የምታውቁት ዓይነት። ቀጫጭኖቹ ሶልና ሬ ባዶ አንጀት ናቸው። ወፍራሞቹ ላና ሚ ደግሞ በላያቸው ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞባቸዋል። በጣት ሲመቱ «ዱም» ብለው ወዲያው ዝም ይላሉ። ዛሬ ያን «ዱም» ለማግኘት ብዙ ገንዘብ እከፍላለሁ። ያኔ ግን ካሴት ላይ የምሰማው ቤዝ ይረዝማል፣ ይዘፍናል፤ የኔው እንጨት እንደሚያንኳኳ ሰው ነው የሚሰማኝ። በዚያ ላይ አንጀት የአየር ለውጥ አይችልም። ከናዝሬት ደረቅ ነፋስ ወጥተን ሶደሬ ፍል ውሃው አጠገብ ስንደርስ ቅኝቱ ድራሹ ይጠፋል። በዘፈን መሃል ጎንበስ ብዬ ስቃኝ ዘፋኛችን ያፈጥብኛል።

እንዲህ ባለ ሰሞን ነው ከባንዱ ልጆች አንዱ ከውጭ የመጣ የብረት ክር ያገኘው። የሁለት ወር ገቢዬን ከፍዬ ገዛሁት። ፖስታው ላይ ምን እንደተጻፈ እንኳን አላነበብኩም። ብረት ነው፣ የውጭ ነው፣ በቃ ምርጥ ነው።

አርብ ማታ አራቱንም ክር ባንድ ጊዜ ፈታሁ። ድልድዩ፣ የክራር ሰዎች በርኩማ የሚሉት፣ ተገንድሶ ወደቀ። አነሳሁት። ወዲያው ከሆዱ ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ መጣ፤ የሆነ እንጨት ተንከባለለ። የድሮ ስብርባሪ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ስብርባሪ አልነበረም። ደረቱንና ጀርባውን ከውስጥ የሚደግፍ ዘንግ ነው። በሙጫ አይያዝም፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በመሃላቸው ተጨንቆ ነው። ክሮቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲላሉ ይወድቃል። ጣሊያኖች «አኒማ» ይሉታል፣ ነፍስ ማለት ነው። ይሄን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ያን ሌሊት ግን ነፍሱ የወጣ ቤዝ ላይ የብረት ክር ወጠርኩበት። አራት የብረት ክር ተደምሮ ከ100 ኪሎ በላይ ነው የሚስበው። ክሩ በከረረ ቁጥር ድልድዩም ደረቱን አብዝቶ ይጫነዋል።

ቅዳሜ ማታ ድምፁ ጎርነን አለብኝ፤ ወደድኩት። ሁለተኛው ዙር ላይ ክሮቹ ዝቅ ዝቅ እያሉ ጣት መርገጫው ላይ መንጫረር ጀመሩ። ድልድዩ ወደ አንድ ጎን እየሰመጠ ነበር። አይቼዋለሁ። ሰው እየጨፈረ ስለሆነ አላቆምኩም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ «ጧ!» አለ። ከድልድዩ እግር ጀምሮ ደረቱ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

ለሰውየው ከመኪና ላይ ወደቀ አልኳቸው። ያመጣን የፔጆ ሹፌር እንዴት እንደሚነዳ ሳይቀር አማረርኩ፤ ምስኪኑ ምንም አላደረገ። እሳቸው ቤዙን አቅፈው ቀስ ብለው ነቀነቁት። ውስጡ ተንከባለለ። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡት። ከዚያ ቀና አሉና «ክሮቼስ?» አሉኝ።

የአንጀት ክሮቹን ለአንድ ክራር መቺ ጓደኛዬ ሰጥቻቸው ነበር። «ጠፉ» አልኩ።

«እሺ» አሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳን አንስተውት አያውቁም። እስኪሞቱ ድረስ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል። እኔ ነኝ መንገድ የምቀይረው።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። ብራንድ አትጠይቁኝ፤ መጀመሪያ ምን እንደምትጫወቱ ንገሩኝ። በጣት ብቻ የምትጫወቱ ከሆነና ድምፁ እንዲረዝም ከፈለጋችሁ፣ የቪየናው ቶማስቲክ ስፒሮኮር የሚባል የብረት ክር አለው፤ የጃዝ ሰዎች ይወዱታል። ደጋን ሲነካው ግን ያኮርፋል፤ ይፏጫል እንጂ ቶሎ አይናገርም። ለደጋን የጀርመኑ ፒራስትሮ ፍሌክሶኮር ይሻላል፤ ሲስቡት እሺ ይላል። ሁለቱንም ለምትሉ እዚያው ፒራስትሮ ዘንድ ኦብሊጋቶ አለ። ውስጡ ሰው ሠራሽ ነው። ሁለቱንም ይችላል፣ በሁለቱም አንደኛ አይወጣም። ይኸው ብራንድ አትጠይቁኝ ብዬ ሦስት ጠራሁ።

የናንተ ትውልድ ክር የሚመርጠው በስልክ ቪዲዮ እያየ ነው። የቤዝ ወፍራሙ ክር፣ ሚ፣ በጣት ሳይጫኑት ሲመታ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። የስልካችሁ ድምፅ ማውጫ እዚያ አይወርድም። የምትሰሙት የክሩን ጥላ ነው። ወይ ደህና ማዳመጫ ተውሳችሁ ስሙ፣ ወይ ቤዝ ያለው ሰው ጋ ሂዱ። እኛስ ካሴት ሰምተን አይደል ያበድነው? እሱም እውነት ነው።

እህት ላላችሁ አንድ ነገር። ፖስታው ላይ «ሶሎ» የሚል ካለ ትተወው። እሱ አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ለሚቃኝ የተሠራ ቀጭን ክር ነው፤ በተለመደው ቅኝት ይልፈሰፈሳል። «ኦርኬስትራ» የሚለውን ታምጣ፤ ጃዝ ብትጫወቱም ያው ነው። መጠኑ ደግሞ 3/4 የሚለው ነው። ቤዛችሁ ቁም ሳጥን ቢያክልም አብዛኛው 3/4 ነው። የቆየ ቤዝ ከሆነ ጫናው ቀለል ያለውን ምረጡ። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ200 ዶላር በላይ ስለሆነ ስህተቱ ውድ ነው።

የአንጀት ክር ለአዳማ አየር አልመክርም። እኔ ግን ሶልና ሬ ላይ አንጀት ነው ያለኝ። በበጋ ሁሌ ስቃኝ፣ ሁሌ ስራገም ነው የምውለው።

አንቺ የደወልሽልኝ ልጅ፣ እህትሽ ስትገባ ደውዪልኝ። አንዱንም ክር እንዳትነኪ። ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ፤ አንድ በአንድ እንቀይረዋለን። ስልክሽ መብራት አለው አይደል? መጀመሪያ በደረቱ ቀዳዳ አብርተን ዘንጉ መቆሙን እናያለን። የድሮዎቹን ክሮችም ለማንም እንዳትሰጪ።