«አላፋታችሁም» የሚል ዳኛ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከወሎ ከተሞች የደረሱንና የፊልም ጽሑፍን የሚመለከቱ ጥያቄዎች በዚህ እትም ተሰብስበው ቀርበዋል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ፍቅር ከሌለበት ትዳር ልትወጣ ስለምትፈልግ ሴት ናቸው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ «ጌት» የተባለውን የእስራኤል ፊልም አይቼ ታሪኩን ወደ ደሴ አምጥቼ እየጻፍኩ ነው። ሚስት ፍቺ ትጠይቃለች፣ ባል እምቢ ይላል፣ ዳኛውም «ባልሽ ካልተስማማ አላፋታችሁም» ይላታል። አምስት ዓመት ትመላለሳለች። ያነበቡት ጓደኞቼ «አያሳምንም» አሉኝ። ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ዳኛው ላይ ነው። ሮኒት ኤልካቤትዝና ወንድሟ ሽሎሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ያ ፊልም በአገሩ ሕግ ላይ የተገነባ ነው። በእስራኤል የአይሁዶችን ጋብቻና ፍቺ የሚያየው የረቢዎች ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ባል የፍቺውን ወረቀት በፈቃዱ ካልሰጠ ሚስት አትፈታም። አምስቱ ዓመት የመጣው ከዚያ ነው። ታሪኩ ከችሎቱና ከመጠበቂያው ክፍል አለመውጣቱም የሚያስጨንቀው ለዚሁ ነው። እርስዎ ጭንቀቱን ወስደው ሕጉን እዚያው ትተውታል።

ደሴ ላይ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በእሱም ሆነ በፌደራሉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ከተጋቢዎቹ አንዱ ማመልከቱ ይበቃል። ባል «አልፈልግም» ማለት ይችላል፣ ዳኛው ይሰማዋል፣ ፍቺውን ግን አያስቀረውም። ሚስት ምንዝር ወይም ዱላ እንዳለ ማስረዳት አይጠበቅባትም። «አብሬው መኖር አልቻልኩም» ካለች በኋላ ፍርድ ቤቱ የሚሞክረው ማስታረቅ ነው እንጂ ማሰር አይደለም።

አካሄዱን በቅደም ተከተል እንንገርዎት፣ ትዕይንቶቹን የሚያገኙት እዚያ ውስጥ ነውና። አመልካች ማመልከቻዋን ለወረዳ ፍርድ ቤት ታስገባለች። ጠበቃ መያዝ የግድ አይደለም፤ ብዙዎች በራፍ ላይ ለተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ተናግረው ያስጽፋሉ። ይህ ብቻውን ጥሩ ትዕይንት ነው፤ የአሥር ዓመት ትዳር በአንድ ገጽ ሲጠቃለል ጸሐፊው «ልጆች ስንት?» ብሎ ይጠይቃታል። መዝገብ ይከፈትና ለተጠሪ መጥሪያ ይወጣል። ሁለቱ ሲቀርቡ ዳኛው ለየብቻም አንድ ላይም ያነጋግራቸዋል፣ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች ጉዳዩን እንዲሞክሩትም ሊልካቸው ይችላል። የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል፤ በፌደራሉ ሕግ ይህ ከ3 ወር አይበልጥም። ሁሉም ካልሠራ በ1 ወር ውስጥ ፍቺው ይወሰናል። በተግባር ቀጠሮ ቀጠሮን እየወለደ ይረዝማል። መርዘሙን ከመጥሪያ አለመድረስ፣ ከባል መቅረት፣ ከንብረት ክርክር ያምጡት እንጂ ከዳኛው እምቢታ አያምጡት።

እኛ ብንሆን ፊልሙን የምንሠራው በ3ቱ ወራት ውስጥ ነው። ሴትዮዋ የት ታድራለች? ወላጆቿ ቤት ከሆነ፣ የዳሯት እነሱ ናቸው። ማን ምግብ ያቀርብላታል፣ ማን ፊቱን ያዞርባታል? በእነዚያ ወራት ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረት አያያዝ ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ባል ይህን ቀድሞ የሰማ እንደሆነ የጋራውን በሬ ነድቶ ሰኞ ባቲ ገበያ ይወርዳል። በፌደራሉ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ሁለቱም ፈቃድ አይሸጥም፤ በሬ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። እሷ ዕግድ ለማስወጣት ደሴ ስትሮጥ፣ እሱ ዋጋ ሲከራከር። ልብ የሚሰቅል ነገር ከፈለጉ ይኸው።

አንድ ስሕተት ደግሞ በረቂቅዎ መጨረሻ ላይ አለ። «ፍቺ የጠየቅሽው አንቺ ስለሆንሽ ባዶ እጅሽን ትወጫለሽ» ይላታል ጠበቃው። እንዲህ የሚል ጠበቃ ፈቃዱን ይመልስ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፣ «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ያስረዳል። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ ብቻ የመጣ ግን የግል ነው። ባላገር ከሆኑ ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ የሚወጣው የመሬት ይዞታ ደብተሩ ነው፤ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ጎን ለጎን አለበት። ካሜራዎን እዚያ ላይ ያሳርፉት።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ የሽማግሌዎቹን ትዕይንት ስጽፍ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆኑብኛል፤ አራት ነጭ ጋቢ የለበሱ ክፉ ሽማግሌዎች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ክፉ አያድርጓቸው። አብዛኛው ሽማግሌ ቤት እንዳይፈርስ ከልቡ ይደክማል፣ ሴትዮዋን የሚያፍናትም ያ ደግነት ነው። በዛሬው ሕግ ሽማግሌ ያስታርቃል፣ የደረሰበትን ለፍርድ ቤት ያሳውቃል፤ ማፋታት ግን አይችልም። ይህን ወሰን ሁሉም ገጸ ባሕርያት አያውቁትም፣ ከዚያም ግጭት ይወጣል። አንዱ ሽማግሌ «እኛ ሳንፈቅድ የት ትሄጃለሽ» ብሎ ይፎክር፤ ሌላው ሕጉን የሚያውቅ ጡረተኛ መምህር ይሁንና ዝም ይበል።

ከዚያ ማን የማን እንደሆነ ይለዩ። ሁለቱን እሷ መርጣለች፣ ሁለቱን እሱ። ከመረጠቻቸው አንዱ የአባቷ ባለ ዕዳ ቢሆንስ? ንግግሩም ቶሎ ወደ ነገሩ አይግባ። በወሎ ቤት መጀመሪያ ቡናው ይመጣል፣ «ጀባ» ይባላል፣ ዱዓው ወይም ምርቃቱ ይደረጋል፣ የከብቱና የዝናቡ ነገር ይጠየቃል። ሴትዮዋ ሁሉንም በትዕግሥት ታስተናግዳለች። «አብሽሪ ልጄ፣ ቻይው» የምትለዋ ቃል የምትከብደው ከዚያ ሁሉ ደግነት በኋላ ስትመጣ ነው። ለሽማግሌ «አንቱ» ትበል፣ ስትቆጣም። ባሏን በሽማግሌ ፊት «እሱ» እያለች በስሙ አለመጥራቷ ሁለት ገጽ ንግግር ይተካልዎታል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ባለ ታሪኮቼ ሙስሊሞች ናቸው፤ ኒካህ ያሰሩትም ቃዲ ናቸው። ጉዳዩ የግድ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት?

መልስ፦ የለበትም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ «እዚያ አልዳኝም» ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ለደራሲ ይህ ትልቅ በር ነው፤ የት እንዳኝ የሚለው ራሱ የመጀመሪያው ፍልሚያ ይሆናል።

ቃዲው ዘንድ ከሄዱ፣ ሚስት ባሏ ሳይበድላት መለየት ስትፈልግ የሚነሣው ኹልዕ ነው፤ መህሯን (በኒካሁ ባል የሰጣትን) ወይም የተስማሙበትን መልሳ ትለቀቃለች። መህሩ ምን እንደነበር በፊልሙ መጀመሪያ፣ በኒካሁ ላይ፣ በግልጽ ያሰሙን። ወርቅ ከነበረና ባል ራሱ ለንግድ ሸጦት ከሆነ ሴትዮዋ የሌላትን ልትመልስ ነው ማለት ነው። ባል በጠላቅ (ፈታሁሽ ብሎ) ሲፈታ የሚቆጠረው ዒዳ፣ ማለትም ሌላ ሳታገባ የምትጠብቀው ጊዜ፣ ሦስት የወር አበባ ሲሆን ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ ነው፤ አንደኛና ሁለተኛ ጠላቅ ላይ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊመልሳት ይችላል። ጽሑፉን ከመቅረጽዎ በፊት በአካባቢዎ ላሉ አንድ ቃዲ ወይም ዓሊም ያስነብቡት፤ ተመልካችዎ ይህን ከእርስዎ በላይ ያውቃል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ የኔ ታሪክ በ1965 ዓ.ም. ነው። ያኔስ እንዴት ነበር?

መልስ፦ ፈጽሞ ሌላ ነበር፣ የደሴው ጠያቂያችን የፈለጉትን ግድግዳም የሚያገኙት እርስዎ ነዎት። ያኔ የሚሠራው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የፍቺ ጥያቄ የሚቀርበው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር፤ የሚወስኑትም እነሱ ነበሩ። ሕጉ ምክንያቶችን «ከባድ» እና ሌላ ብሎ ይለያል። ምንዝር፣ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ሁለት ዓመት ቤት ጥሎ መጥፋት፣ የመሳሰሉት ከባድ ናቸው። «አልወደውም» ከባድ አይደለም። ከባድ ምክንያት ሳይኖራት የጠየቀች ሴት በንብረት ክፍፍሉ ልትጎዳ ትችል ነበር። እንግዲህ ባልየው ጨዋ፣ የማይመታ፣ የማይሰክር፣ የማይሄድ ሰው ቢሆን ለሴትዮዋ ምንኛ እንደሚብስባት ያስቡት። ክፉ ባል ቢያደርጉት ታሪኩ ይቀላል፣ ይረክሳልም።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ችሎቱን የምንቀርጸው በቀበሌ አዳራሽ ነው። ሙከራ ስንቀርጽ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይሮጣል፣ ድምፁም አልረባም።

መልስ፦ መስመሩ ከሸምበቆ (ፍሎረሰንት) አምፖሉ ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ካሜራውን በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ ያድርጉት፤ 1/100ም ይሠራል። 1/60 ወይም 1/125 ላይ ከተዉት መስመሩ አይጠፋም። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል አንዳንዱ በዚህም አይስተካከል፤ ያን ያጥፉትና የመስኮቱን ብርሃን ይጠቀሙ። ነጭ ጋቢ ፊት ለፊት ከመስኮት ከተቀመጠ ነጩ ይቃጠላል፤ ብርሃኑን በነጩ ይለኩና ፊቱን በነጭ ሰሌዳ ይመልሱለት።

ድምፁን የሚያበላሸው ቆርቆሮው ነው። በሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ንግግር ያለበትን ትዕይንት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይቅረጹ፤ ዝናቡ በማናቸውም ማጣሪያ አይወጣም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይሻላል። ባዶ አዳራሽም ያስተጋባል፤ ካሜራው በማያየው ግድግዳ ላይ ሁለት ሦስት ወፍራም ብርድ ልብስ ይስቀሉ፣ ማይኩን ከተናጋሪው አፍ ከግማሽ ሜትር አያርቁት። ከመውጣትዎ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ድምፅ 1 ደቂቃ ይቅዱ፣ ቅንብር ላይ ክፍተት የሚደፍኑት በእሱ ነው።

ዳኛው ጥቁር ካባ ይልበስ። በአሜሪካ ፊልም የሚያዩትን የአሥራ ሁለት ሰው ሸንጎ ግን አያስገቡ፤ በእኛ ፍርድ ቤት የለም።