በራስ ኪስ አሳትሞ መጻፉን መቀጠል፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ። እስካሁን አራት መጽሐፍ በራሴ ወጪ አሳትሜአለሁ። ሁለቱ ወጪያቸውን መልሰዋል፣ አንዱ አትርፏል፣ አንዱ አሁንም አልጋ ሥር ነው። «ካሳተምኩ በኋላ መጻፍ አስጠላኝ» የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ እስኪ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የቻልኩትን ያህል ይኸው።

ጋሼ፣ የመጀመሪያ መጽሐፌ ከወጣ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ገጽ አልጻፍኩም። ምን ነካኝ?

ምንም አልነካህም፣ ነጋዴ ሆነህ ነው። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ከወጣበት ቀን ጀምሮ ተሸካሚም፣ አከፋፋይም፣ ዕዳ ሰብሳቢም አንተው ነህ። ይህን አስቀድሞ የሚነግር ሰው የለም። እኔ የመጀመሪያውን 1000 ኮፒ አሳትሜ 20 ካርቶን ይዤ ስገባ ባለቤቴ አየት አድርጋ «እኛስ የት ልንተኛ ነው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ያህል ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው ያንን ካርቶን ነበር፣ ስንት እንደቀረ እየቆጠርኩ። እንዲህ ሆኖ ማን ይጽፋል?

ሁለተኛውን ማተሚያ ቤት ሳስገባ ግን የሦስተኛውን የመጀመሪያ ምዕራፍ ጀምሬ ነበር። ፕሩፍ (ከመታተሙ በፊት ለእርማት የሚሰጠው ናሙና) እስኪመጣ ጊዜው ረጅም ነው («ሰኞ ና» ሲባል የትኛው ሰኞ እንደሆነ ያሳተመ ያውቀዋል)። መጽሐፉ ሲወጣ የምመለስበት ሌላ ታሪክ ነበረኝ፣ በቃ እሱ አዳነኝ። ንግዱን ደግሞ ቅዳሜ ላይ ሰበሰብኩት። ለአከፋፋይ መደወል፣ ሲሸጥ ሊከፈለኝ በአደራ የሰጠሁትን መቁጠር፣ ብር መቀበል፣ ለአዟሪዎች መጨመር፣ ሁሉም ቅዳሜ ነው። ማክሰኞ ቢደወልልኝም መልሴ «ቅዳሜ እንገናኝ» ነው። በዚህ ምክንያት የቀረብኝ ሽያጭ ትዝ አይለኝም።

ሥራም ልጆችም አሉኝ። ጊዜ ከየት ላምጣ?

እኔ የምጽፈው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው፣ ግን የኔን አትቅጂ፤ ሌሊት በልጅ ስትነሳ ያደረችን እናት 11 ሰዓት ተነሺ ማለት ግፍ ነው። በቀን አንድ ገጽ ብቻ ያዢ፣ በምሳ ሰዓትም ይሁን ልጆቹ ሲተኙ። በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ፣ በዓሉንና ሕመሙን ቀንሰሽ እንኳ በዓመት ከ200 ገጽ በላይ ይወጣዋል። መብራት ከጠፋ ደብተር አለ።

ስታቆሚ ደግሞ ታሪኩን መሃል ላይ ተዪው። እኔ ገጸ ባሕሪዬን በር እንዳንኳኳች ትቻት ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ቀኑን ሙሉ እዚያ በር ላይ ቆማ ታሳዝነኛለች። በማግስቱ ለመክፈት የምቸኩለው እኔ ነኝ።

አንዱን ምዕራፍ አሥር ጊዜ አርሜዋለሁ፣ ወደ ሁለተኛው ማለፍ አቃተኝ።

እሱ እርማት ሳይሆን ሽሽት ነው ወንድሜ። እኔም «ፀሐይ»ን በአንድ ምዕራፍ ውስጥ በሦስት ዓይነት ጽፌ፣ የቱ ይሁን ስል ግማሽ ቀን ባክኜ አውቃለሁ። ሀ እና ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ እንኳን እኛን ሊቃውንቱንም ሲያከራክሩ ኖረዋል። አሁን የደብተሬ መጨረሻ ገጽ ላይ ዝርዝር አለኝ፤ ይህን ቃል በዚህ ፊደል ብዬ ወስኜ አልፋለሁ። ረቂቁ እስኪያልቅ ወደ ኋላ አልመለስም። ሲያልቅ በኮምፒውተር እየፈለግኩ በአንዴ እተካለሁ። ከዚያ ለአራሚ ክፈል፣ ከሽፋኑ ወጪ ቀንሰህም ቢሆን።

ደግሞ በዩኒኮድ ጻፍ፣ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ሳይለወጥ እንዲከፈት። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የጻፍኩት ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የምልክት ክምር ሆኖ፣ ሁለት ምዕራፍ እንደ አዲስ አስለቅሜአለሁ።

ስንት ኮፒ ላሳትም?

የሚያውቁህን ሳይሆን ከኪሳቸው አውጥተው የሚገዙህን ቁጠር። በብዛት ሲታተም የአንዱ ዋጋ እንደሚቀንስ እውነት ነው፤ ፕሌቱም (ገጹ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሳህን) ማሽን ማዘጋጀቱም ለ500ም ለ3000ም ያው ነውና። ግን ካልተሸጠ ምኑ ነው ርካሽ? አልጋ ሥር ያለው ምስክሬ ነው።

መጽሐፌን ፒዲኤፍ አድርገው ቴሌግራም ላይ ለቀቁት። ሞራሌ ሞተ።

አይዞህ፣ ደርሶብኛል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብትህን በሕይወት እስካለህ፣ ከሞትክም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቅልሃል። ቴሌግራም ላይ ግን ይህ መብት አንድ ሌሊትም አላደረም። ለቻናሎቹ ባለቤቶች በጨዋ ቋንቋ ጻፍላቸው፤ ሁለቱ አጥፍተውልኛል፣ አንዱ ብሎክ አድርጎኛል። ለዚህ ጉዳይ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። እኔ ማን ስካን እንዳደረገው ሳነፈንፍ ሦስት ሳምንት ከረምኩ፣ ያገኘሁት ሰው የለም፣ የጻፍኩትም ገጽ የለም።

የመጽሐፍ ምረቃ ግዴታ ነው?

አይደለም። አዳራሽ፣ ባነር፣ ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም ብር ነው። ከመጣው ሰው ግማሹ ዘመድ ነው፣ ዘመድ ደግሞ በነፃ ይጠብቃል። ደስ የሚልሽ ከሆነ አድርጊው፣ ለሽያጭ ብለሽ ከሆነ ይቅርብሽ።

ጡረታ ወጥቼ ነው መጻፍ የጀመርኩት። ያወጣሁት ብር እንደማይመለስ አውቃለሁ። ግን መተው አልቻልኩም፤ ምን ይዞኝ ነው?

እርስዎን የያዘዎትን እንጃ፣ እኔን የያዘኝን ልንገርዎት። ባለፈው ክረምት ከመገናኛ ታክሲ ተሳፍሬ ከፊቴ አንዲት ልጅ ሁለተኛውን መጽሐፌን ታነባለች። ሽፋኑ በዝናብ ተጣሟል። የሆነ ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻዋን ሳቀች። ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቃት ቀና ሳትል ሰጠችው። ድንገት ነቃ ብላ «ወራጅ!» ስትል መውረጃዋን አልፋው ነበር። የኔ ነው አላልኳትም፣ አፈርኩ መሰለኝ። የገጹን ቁጥር ግን አጮልቄ ይዤዋለሁ፣ 112።

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። የሳቀችበትን ቦታ ሳላገኝ ሁለት የፊደል ግድፈት አገኘሁ።