ማግኒዥየም ስትገዢ የእሽጉን ጀርባ አንብቢ

ባትሽን ሌሊት እየጨመደደሽ ባለ 500 ሚሊ ግራም ማግኒዥየም ኦክሳይድ ገዝተሽ ሆድሽን እንዳስቀመጠሽ፣ ለጨጓራሽም ኦሜፕራዞል መውሰድ ከጀመርሽ ዓመት እንዳለፈሽ ከጅማ ጽፈሽ «ውዱን ማግኒዥየም ሲትሬት ልግዛ ወይ?» ላልሽው እህቴ፦ ብሩን ከማውጣትሽ በፊት ይህን እይ።

1. ከፊት የተጻፈው «500» የውህዱ፣ ማለትም የማግኒዥየሙና አብሮት የተጣመረው ነገር፣ ክብደት ሊሆን ይችላል። ከኦክሳይድ 60 በመቶ ገደማ፣ ከሲትሬት 16፣ ግሊሲኔት ከሚባለው ሌላ ዓይነት 14 ገደማው ብቻ ነው ማግኒዥየም። ስለዚህ 500 ኦክሳይድ ወደ 300 ሚሊ ግራም ሲይዝ፣ 500 ሲትሬት 80 ብቻ ይይዛል። ከጀርባው «ኤለመንታል» የሚለውን፣ ማለትም የማግኒዥየሙን ብቻ፣ ቁጥር ፈልጊ፤ የምትከፍዪው ለእሱ ነው። ይህን ሳይነግሩ ለሰው መሸጥ በጣም ያሳዝናል። ታዲያ ኦክሳይድ ይሻላል እንዳትዪ፤ በደንብ አይሟሟም፣ አንጀት ውስጥ የቀረውም ውኃ ይስባል። ያስቀመጠሽ እሱ ነው። ሲትሬት ከገዛሽ ኤለመንታሉ 100 አካባቢ እንዲሆን አድርገሽ ከእራት ጋር ጀምሪ። ከኪኒን የሚገኘው በቀን ከ350 አይለፍ። ኩላሊትሽ ደካማ ከሆነ ግን ያለ ሐኪም አንዲትም አትንኪ፤ የተረፈው መውጫ ያጣል።

2. ኦሜፕራዞሉን አትናቂው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2011 ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነው፤ በተለይ ከዓመት በላይ ሲወሰድ የደም ማግኒዥየምን ሊያወርድ ይችላል። አንዳንዱ ሰው ላይ ኪኒን ብቻውን አልመለሰውም፤ ኦሜፕራዞሉ መቆም ነበረበት። በራስሽ አታቋርጪ፣ ያዘዘልሽን ሐኪም ጠይቂ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን የሚባል ፀረ-ባክቴሪያ ከታዘዘልሽ ደግሞ አንድ ላይ አትዋጪ፤ ማግኒዥየም ይይዛቸውና መድኃኒቱ በደንብ አይሠራም። መድኃኒቱን ከማግኒዥየሙ 2 ሰዓት አስቀድሚ፣ ወይም ከማግኒዥየሙ በኋላ 6 ሰዓት ቆይተሽ ውሰጂ። ለእንቅርት የሚሰጠውን ታይሮክሲን 4 ሰዓት አራርቂ።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ጅማ ተቀምጦ በማግኒዥየም መቸገር አይገባም። ለሴት በቀን 310 እስከ 320 ይበቃል። ከሂርማታ ገበያ ዱባ ስትገዢ ፍሬውን አትጣዪ። አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ በለስላሳ እሳት ቁዪው፤ ተላጥቶ አንድ እፍኝ፣ 28 ግራም ያህሉ፣ ወደ 150 ይሰጣል። ከነልጣጩ ከሆነ ግማሹን ቁጠሪ። 100 ግራም የጤፍ እህል 180 ገደማ አለው፤ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ማግኒዥየሙን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል፣ ስለዚህ እርሾውን አታስቸኩዪ። ዱቄትሽ ከበቆሎ ጋር ቅይጥ ከሆነ በቆሎው ሳይፈተግ ይፈጭ፤ ሲፈተግ ብዙው ከገለባው ጋር ይሄዳል። ጎመን ቀቅለሽ ውኃውን ከደፋሽ ከፊሉን ደፋሽ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 27 ገደማ ነው፤ ሳይፈጭ ከተዋጠ ብዙው እንዳለ ይወጣል። ቡና ተዪ የሚሉሽን አትስሚ፤ በሽንት የሚወጣውን ትንሽ ከፍ ያደርጋል እንጂ ሁለት ሦስት ስኒ ማግኒዥየምሽን አይጨርስም።

ስለ ባትሽ እውነቱን ልንገርሽ። በዕድሜ ገፋ ባሉ ሰዎች ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ማግኒዥየም የሌሊት የጡንቻ መጨምደድን እንደሚያስቀር አላሳዩም። አራት ሳምንት ወስደሽ ለውጥ ከሌለ ሌላ እሽግ አትግዢ፤ ፖታሲየምና ካልሲየምሽን ከማግኒዥየም ጋር አስመርምሪ። ማግኒዥየም ዝቅ ካለ ፖታሲየም ቢሰጥም አይቆምም፣ በሽንት ይሄዳል። የደም ውጤቱ ደህና ቢልም ሙሉ በሙሉ አትተማመኚበት፤ በሰውነት ካለው ማግኒዥየም ሴረም ውስጥ፣ ማለትም በሚመረመረው የደም ፈሳሽ ውስጥ፣ ያለው ከ1 በመቶ በታች ነው። የኦሜፕራዞሉን ጉዳይ ለሐኪሙ ስትነግሪ ስንት ወር እንደወሰድሽ በትክክል ጥቀሺለት።