ከረሜላውን ለምን እንደያዘ ጠይቀሽዋል?

«ባለቤቴ ስኳር ካለበት 6 ዓመቱ ነው። የምለውን አይሰማም። ኪኒኑን በየሳምንቱ እቆጥራለሁ፤ ቆጠራው ሁሌ ልክ ነው። የ3 ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ ግን ከ8 ወደ 10 ወጣ። ኮቱን ስፈትሽ የከረሜላ ልጣጭ አገኘሁ። ማኅበር ላይ ለወንድሞቹ ‹ጠላ እንዳትቀዱለት› ስላልኩ አኩርፎኛል። አባቴን የቀበርኩት በዚሁ በሽታ ነው። ይህን ሰው እንዴት ላድርገው?» (ከጎንደር፣ አዘዞ)

እህቴ፣ ድካምሽ ይገባኛል። ደብዳቤሽ ውስጥ ግን ባለቤትሽን አጣሁት። ምን እንደበላ፣ ምን እንደደበቀ ጽፈሻል። እሱ ስለ በሽታው ምን እንደሚል ግን አንድ ቃል የለም።

ከረሜላውን እንይ። ኢንሱሊን የሚወጉና አንዳንድ ዓይነት ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ስኳራቸው ድንገት ቢወርድ ብለው ጣፋጭ ነገር በኪሳቸው እንዲይዙ ይመከራሉ። እሱ የሚወስደው የትኛውን እንደሆነ አልነገርሽኝም። ምናልባት ሰርቆ እየበላ ነው። ምናልባትም ነርሷ ያለችውን እየፈጸመ ነው። አንቺ ግን ልጣጩን አይተሽ ፈርደሻል።

ቆጠራውም እንደዚያው ነው። ምርመራው የጨመረው መድኃኒቱ ስላልበቃው ሊሆን ይችላል፤ እሱን ሐኪሙ ይየው። ነገር ግን ኪኒን የሚቆጠርበት ሰው ቆጠራውን ልክ ማድረግ ይማራል። ኪኒን መዋጥና ከብልቃጥ ማጉደል ለየቅል ናቸው።

ስለ ጤና ልማድና ስለ ትዳር ሳስተምር ተማሪዎቼን አጥብቆ የሚያከራክራቸው ይሄ ነው። ሜጋን ሉዊስና ካረን ሩክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት የቅርብ ሰው ቁጥጥር ጤናማ ልማድን ሊያግዝ እንደሚችል፣ ጭንቀትንም አብሮ እንደሚያመጣ አሳይተዋል። ማግባባት አንድ ነገር ነው። መጫንና ማሳፈር ሌላ። የተጫኑት ሰው ወይ ይደብቃል ወይ እልህ ይይዘዋል።

«ታዲያ ዝም ይባል?» ይሉኛል ተማሪዎቼ። ኧረ አይባልም! ግን የማኅበሩን ቀን አስቢው። እሱ ራሱ «ሐኪም ከልክሎኛል» ቢል ወግ ነበር። አንቺ በወንድሞቹ ፊት ስትናገሪለት ልጅ አደረግሽው። ያኮረፈው ጠላው ስለቀረበት አይመስለኝም።

ስለ አባትሽ የጻፍሽው አንዲት መስመር ብቻ ነው። እኔ ግን ደብዳቤሽ ሁሉ ከእሷ የመጣ መሰለኝ። ልጣጩን ስታዪ ያየሽው የማንን ሞት ነው? ባለቤትሽ ቁጣሽን በደንብ ያውቀዋል። ፍርሃትሽን ነግረሽው እንደምታውቂ እንጃ። ስኳሩን ተሸክመሽ አንቺ ይዘሽዋል፤ ለእሱ የቀረው ሥራ ካንቺ ማምለጥ ነው።

ልጆቹ በሌሉበት፣ ቡና ላይ፣ «ፈርቻለሁ» በይው። ምክር አትጨምሪበት። ቆጠራውን ለእሱ መልሺለት፤ ኪሱንም መፈተሽ ይቅር። ለሚቀጥለው ቀጠሮ አብረሽው ብትገቢ ደስ ይለው እንደሆነ ጠይቂው፤ ካልፈለገ አታስገድጂው። በአንድ ወር ለውጥ አትጠብቂ፤ ምናልባት መጀመሪያ እንዲያውም ይብስበት ይሆናል።

ክትትል በሚያደርግበት ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ካለ ሁለታችሁም ብትሄዱ ጥሩ ነው። እኔን ካልሽ ግን መጀመሪያ ብቻሽን ሂጂ፤ ስለ አባትሽ ለመናገር።