ስለ በረራ ርቀትና ሰዓት ጠይቁ፣ ጋሼ ይመልሳሉ

በበረራ ዕቅድ ሥራ ላይ ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ደሴ የገባሁ ሰው ነኝ። ስለ ርቀትና ስለ በረራ ሰዓት ጠይቁ። የቲኬት ዋጋ አልመልስም።

ከሐይቅ፦ ጋሼ እንደምን ዋሉ? እህቴ ጅዳ ልትሄድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

መልስ፦ አልሐምዱሊላህ። በአየር 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል በልና ለ850 አካፍለህ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምርበት፤ ሁለት ሰዓት ከምናምን ይመጣልሃል። ጅዳና እኛ ሰዓታችን አንድ ስለሆነ ቲኬቱ ላይ ካለው የመድረሻ ሰዓት የመነሻውን ቀንሰህም ታገኘዋለህ። ለሌላ አገር ግን እንዲህ እንዳታደርግ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነው።

ከወልድያ፦ ዋሽንግተንስ? ካርታ ላይ በማስመሪያ ብለካው መንገዱ በቻድና በማሊ በኩል ሆነብኝ።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ማስመሪያህን ጣለው። ምድር ድቡልቡል ናት፤ ካርታው በግድ ተዘርግቶ ነው። የተማሪ ሉል ፈልግና ክር ውሰድ። አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በአውራ ጣትህ ያዝ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ወጥረው። ክሩ ራሱ ሸርተት ብሎ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በስፔን አድርጎ አትላንቲክን ይሻገራል። አጭሩ መንገድ እሱ ነው። የምድር ወገብ ዙሪያው 40,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ በኔ ሉል ላይ 94 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ስለዚህ አንዱ ሴንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ነው። ክሬ 27 ሴንቲ ሜትር መጣ። አባዛው፤ 11,500 ገደማ።

ከደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ ታዲያ የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ሲመለስ ቀጥታ የሚመጣው፣ ሲሄድ ለምን መንገድ ላይ ያርፋል?

መልስ፦ ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል፤ ያን ሁሉ ነዳጅ ከነመንገደኛው ይዞ መነሳት ይከብዳል። ዋሽንግተን ቆላ ነው በለው። ሲመለስ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል።

ከኮምቦልቻ፦ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባስ?

መልስ፦ በአየር 250፣ በመኪና 375 አካባቢ።

ከደሴ ፒያሳ፦ ከደሴ በል እንጂ! የኤርፖርቱ መለያ ዲ ኤስ ኢ ነው፤ ደሴ ማለት ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ፊደሉን ውሰዱት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ እኛ ጋ ነው የምትሳፈሩት።

ከፒያሳ፦ ደሴ ባይኖር ማን ይሳፈርላችሁ ነበር?

መልስ፦ አብሽሩ! ርቀት የሚለካው ከመንደርደሪያው ነው፤ መንደርደሪያው ኮምቦልቻ ነው። ቀጥሉ።

ከከሚሴ፦ በረራው ስንት ሰዓት ነው?

መልስ፦ ከየት ወዴት?

ከከሚሴ፦ ወደ ውጭ።

መልስ፦ ውጭ የሚባል ኤርፖርት አላውቅም።

ከባቲ፦ አጎቴ በግንቦት ከዋሽንግተን ጠዋት 5 ሰዓት ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ይገባል ይላል ቲኬቱ። 20 ሰዓት ሙሉ?

መልስ፦ ከላይ ምን አልኩ? የየአገሩ ሰዓት! ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ከኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፣ በሌላው ወር 8። ከ20 ላይ 7 ቀንስ፤ 13 ነው። ቀኑንም እዩ። ማክሰኞ 00፡30 የሚል ቲኬት በኛ ከሌሊቱ 6፡30 ነው፤ ከቤት የሚወጣው ግን ሰኞ ማታ ነው። ጎረቤቴ ዱዓ ተደርጎላት፣ ቡና ተፈልቶላት ማክሰኞ ማታ ቦሌ ስትደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነበር።

ከሆጤ፦ ጋሼ፣ የዱባይ ቲኬት ስንት ገባ?

መልስ፦ ሉሉን ለልጅ ልጄ ልመልስላት፤ ነገ ፈተና አለባት።