ተመርጬ ከሆነ መጾሜ ለምን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። አብራኝ የምትሠራ ልጅ አለች፤ ሌላ ቤተ እምነት ናት፣ ግን እንዋደዳለን። ምሳ ላይ ስናወራ «እግዚአብሔር የሚድነውን ሰው ዓለም ሳይፈጠር መርጦ ጨርሷል» አለችኝ። ሮሜ 9ን አውጥታ «ያዕቆብን ወደድሁ፣ ዔሳውን ጠላሁ» የሚለውንም አነበበችልኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ይከነክነኛል። ተመርጬ ከሆነ መጾም መስገዴ ለምን? ካልተመረጥኩስ ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅቴ። የነገረችሽን ትምህርት በ16ኛው መቶ ዘመን ካልቪን የተባለ የፕሮቴስታንት መምህር አጥብቆ አስተምሮታል። አንዱ ለሕይወት፣ ሌላው ለጥፋት አስቀድሞ ተወስኗል ይላል። ከፕሮቴስታንቶችም መካከል የማይስማሙበት አሉ። ቤተ ክርስቲያናችን አትቀበለውም። ግን መመረጥ የሚለው ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ ሞልቷልና ዘለነው አናልፍም።

ዛሬ ምርጫ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ኮሮጆው ነው። አንዱ አለፈ፣ ሌላው ወደቀ፣ አለቀ። በመጽሐፍ ቅዱስ ግን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ለሥራ ነው፤ ያውም ለሌላው ሲባል። አብርሃም የተጠራው የምድር ነገዶች ሁሉ በእርሱ እንዲባረኩ ነው። ጳውሎስ «የተመረጠ ዕቃ» የተባለው የጌታን ስም ወደ አሕዛብ እንዲሸከም ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን ተሳልመሽ ከሆነ፣ ገዳሙ የሚጠራበት ቅዱስም በምርጫ የተሾመ ነው። የሐዋርያት ሥራ 6ን ተመልከቺ። በየዕለቱ ምግብ ሲታደል መበለቶች ተረሱ፣ ማጉረምረም ተነሣ፣ ምእመናኑ 7 ሰዎች መረጡ። የመጀመሪያው እስጢፋኖስ ነው። ጥቅምት 17 የምናከብረው ይህንኑ ሹመቱን ነው።

የዋድላ አገር ሰው ይህን ከቅኔ ቤት ያውቀዋል። የኔታ ከደቀ መዛሙርቱ የበሰለውን አስነጋሪ፣ ማለትም ረዳት አስተማሪ፣ ያደርጉታል። ጀማሪው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ግሱ ሲጠፋበት፣ ቤቱ አልመታ ሲለው ወደ አስነጋሪው ይሄዳል። አስነጋሪው ተመረጠ ማለት ሌላው ከጉባኤ ተባረረ ማለት አይደለም። እንዲያውም የተመረጠው ሌላው እንዳይቀር ነው።

ለሥራ የተመረጠ ሁሉ ደግሞ ይድናል ማለት አይደለም። ጌታ አሥራ ሁለቱን «የመረጥኋችሁ አይደለምን?» ካለ በኋላ ከመካከላቸው አንዱ ዲያብሎስ መሆኑን ተናግሯል። ይሁዳ ተመርጦ ነበር። ንጉሡ ሳኦልም በእግዚአብሔር ተመርጦ ተቀብቶ ነበር፤ መጨረሻውን ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ያዕቆብና ዔሳው። ርብቃ ፀንሳ ሳለች የተነገራት «ሁለት ወገኖች በማኅፀንሽ ናቸው» ተብሎ ነው። ነገሩ የሁለት ሕዝቦች ነው። «ታላቁ ለታናሹ ይገዛል» የሚለውን እስኪ በሁለቱ ወንድማማቾች ዕድሜ ፈልጊው። ዔሳው ለያዕቆብ የተገዛበትን ቀን አታገኚም። ዘፍጥረት 33 ላይ ሰባት ጊዜ ወደ ምድር የሰገደው ያዕቆብ ነው! ዔሳው ሮጦ አቀፈው፣ ሳመው፣ ተላቀሱ። ቃሉ የተፈጸመው ብዙ ዘመን ቆይቶ የዔሳው ልጆች፣ ኤዶማውያን፣ ለዳዊት ሲገዙ ነው። «ዔሳውን ጠላሁ» የሚለውም ከነቢዩ ሚልክያስ የተወሰደ ነው፤ እዚያም የሚናገረው ስለ ኤዶም ምድር ነው። መሲሑ በማን ዘር ይምጣ የሚለውን እግዚአብሔር ወሰነ እንጂ አንድ ጨቅላ በማኅፀን ሳለ ለገሃነም አልፈረደበትም። እዚያው ሮሜ 9 ላይ የተነሣው የፈርዖን ጉዳይ ሰፊ ስለሆነ ሌላ ቀን እንመለስበታለን።

ለመዳን መመረጥ የለም ወይ? አለ እንጂ። ኤፌሶን 1 «ዓለም ሳይፈጠር በክርስቶስ መረጠን» ይላል። «በክርስቶስ» የምትለዋን አትለፊያት። በሰማንያ ቀንሽ ስትጠመቂና ሜሮን ስትቀቢ የገባሽው ወደ እርሱ ነው። እግዚአብሔር ማን እስከ መጨረሻ እንደሚጸና አስቀድሞ ያውቃል። ማወቁ ግን ማስገደድ አይደለም። ሲራክ 15 እሳትና ውኃ በፊትህ አኑሯል፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ስደድ ይላል። ሰው ሁሉ እንዲድን እንደሚወድም 1ኛ ጢሞቴዎስ 2 ላይ ተጽፏል።

ጾሙንስ? ቅዱስ ጴጥሮስ «መጠራታችሁንና መመረጣችሁን ታጸኑ ዘንድ ትጉ» ብሏል። ያለቀ ነገር ቢሆን ኖሮ ትጉ ባላለን። አንቺ የምትጾሚው እንድትመረጪ ብለሽ አይደለም፤ ከገባሽበት እንዳትወጪ ነው። ጳውሎስ እንኳ ለሌላው ሰብኮ ራሱ የተጣለ እንዳይሆን ሥጋውን ይጎስም ነበር። ስለዚህ «ተመርጬ ይሆን?» እያልሽ ራስሽን አታስጨንቂ፤ ምልክትም ሕልምም አትፈልጊ። ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪ፣ ቁርባን ከራቅሽም ተመለሺ።

ከልጅቷ ጋር ደግሞ ክርክር አትግጠሚ። ሮሜ 9ን ከጀመራችሁ አይቀር፣ እስከ 11 መጨረሻ አብራችሁ አንብቡት። 11፥32 ላይ «ሁሉን ይምር ዘንድ» የሚለው ጋ ስትደርሱ እሷ ምን እንደምትል ጻፊልኝ።